ብሔራዊ ምክክር የሚሳካው መቼ ነው? ከቤኒን፣ ከየመንና ከኬንያ የታየው

ስለ ብሔራዊ ምክክር በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንደኛው "የሀገሪቱ ችግር ሁሉ በምክክር ይፈታል" የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ይሄ ጊዜ መግዣ ነው፣ ምንም አይመጣም" የሚል ነው። ሬዲዮ ላይም፣ ፌስቡክ ላይም፣ ሻይ ቤትም ክርክሩ በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ይመላለሳል። ሌሎች ሀገሮች ይህን መንገድ ሲሞክሩ ምን እንደገጠማቸው ግን ብዙም አይነሳም።

የሞከሩት ጥቂት አይደሉም። ከ1990 ወዲህ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከአሥር በላይ ሀገሮች እንዲህ ያለ ጉባኤ አካሂደዋል። አንዳንዶቹ ደም ሳይፈስ ሥልጣን አሸጋግረዋል። አንዳንዶቹ ጉባኤያቸው በተዘጋ በወራት ውስጥ ጦርነት ገብተዋል። ልዩነቱን ያመጣው በአዳራሹ ውስጥ የተደረገው የንግግር ጥራት ነው ብሎ ማሰብ ይቀናል። ታሪካቸውን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሚዛኑን የደፉት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አዳራሹ ከመከፈቱ በፊት ጉልበት ያላቸው ወገኖች ምን ተስማምተው ነበር? ከተዘጋ በኋላስ ውሳኔውን የማስፈጸም ግዴታ የነበረበት ማን ነው?

የውጭ ሀገሮቹን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያን በራሳችን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ምክክር፣ ድርድር፣ የሽግግር ፍትሕ

በመጀመሪያ ሦስት ነገሮችን እንለይ። በሕዝብ ውይይት ውስጥ በጣም ስለሚደባለቁ ነው።

ድርድር በአብዛኛው ጥቂት ሰዎች የሚቀመጡበት ነው። ጠመንጃ ወይም ሥልጣን የያዙ ወገኖች ተኩስ ስለማቆም፣ ስለ ትጥቅ፣ ስለ ሥልጣን ይነጋገራሉ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፌዴራል መንግሥትና በሕወሓት መካከል የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የድርድር ውጤት ነው።

ብሔራዊ ምክክር ሰፋ ይላል። ፓርቲዎች፣ የሃይማኖት ተቋማት፣ ሴቶች፣ ወጣቶች፣ የሙያ ማኅበራት፣ የአካባቢ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ጥያቄዎቹም የሀገር መሠረት የሚነኩ ናቸው። መንግሥቱ ምን ዓይነት ይሁን? መሬት የማን ነው? ቋንቋና ማንነት እንዴት ይስተናገዱ?

የሽግግር ፍትሕ ደግሞ በጦርነት ወይም በጭቆና ዘመን ስለተፈጸመ በደል ነው። እውነት ማውጣት፣ አጥፊን መጠየቅ፣ ተጎጂን መካስ፣ ተቋማትን ማደስ በሥሩ ይገባሉ። ኢትዮጵያ በዚህ ላይ ፖሊሲ ያጸደቀችው በሚያዝያ 2016 ነው።

ሦስቱ ይደጋገፋሉ። ችግር የሚመጣው አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ሲጠበቅ ነው። አንድ ሺህ ሰው የተቀመጠበት አዳራሽ ሁለት የጦር አዛዦችን ማስታረቅ ይከብደዋል። ሁለት የጦር አዛዦችም የአንድን ሀገር ሕገ መንግሥት ብቻቸውን ልጻፍ ቢሉ ሕዝቡ አይቀበላቸውም።

ቤኒንና ዛየር፦ ሁለት ጉባኤዎች

ቤኒን በ1989 መጨረሻ ኪሷ ባዶ ነበር። የመንግሥት ባንኮች ከስረዋል። መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ለወራት ደመወዝ አላገኙም። ተማሪውም ሠራተኛውም አደባባይ ወጥቷል። ከ1972 ጀምሮ ሀገሪቱን የገዙት ማቲዩ ኬሬኩ የማርክሲዝም ሌኒኒዝምን መስመር ተዉ። በየካቲት 1990 በኮቶኑ ብሔራዊ ጉባኤ ጠሩ። ጉባኤውን የመሩት የካቶሊክ ጳጳሱ ኢሲዶር ደ ሱዛ ናቸው።

ኬሬኩ የፈለጉት ምክር ነበር። ተሰብሳቢዎቹ ግን "ውሳኔያችን የመጨረሻ ነው፣ ማንም አይሽረውም" ብለው ድምፅ ሰጡ። እንዲህ ያለው ጉባኤ ሉዓላዊ ጉባኤ ይባላል። ፕሬዚዳንቱ መጀመሪያ ተቆጡ፣ በመጨረሻ ግን ተቀበሉ። ኒሴፎር ሶግሎ የሽግግር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ውሳኔዎቹን የሚከታተል ከፍተኛ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ እሱንም ደ ሱዛ መሩት። በታኅሣሥ ወር ሕገ መንግሥቱ በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ። በ1991 ምርጫ ኬሬኩ ተሸነፉና ወረዱ። በአምስት ዓመቱ፣ በ1996፣ ተወዳድረው አሸንፈው ተመለሱ።

ለምን ተቀበሉ? ሠራዊቱን የሚከፍሉበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ከሥልጣን ቢወርዱ እንደማይከሰሱ ዋስትና አግኝተዋል። ውሳኔውንም የሚጠብቅ አካል ወዲያው ተተክሏል። እነዚህ ነገሮች ባይገጣጠሙ የጳጳሱ ጥበብ ብቻውን ይበቃ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ዛየርን፣ የዛሬዋን ዴሞክራቲክ ኮንጎን፣ እንይ። ፕሬዚዳንቱ ሞቡቱ ሴሴ ሴኮም በ1991 ጉባኤ ለመጥራት ተገደዱ። እዚያም የመሩት የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ናቸው፤ ሎራን ሞንሴንግዎ። እዚያም ጉባኤው "ሉዓላዊ ነኝ" አለ። በነሐሴ 1992 ኤቲየን ቺሴኬዲን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ መረጠ። በመልኩ ከቤኒን ጋር በጣም ይቀራረባል።

ሞቡቱ ግን ልዩ ጦራቸውንና ማዕከላዊ ባንኩን ከእጃቸው አላወጡም። ነገሩ የታየው በአንድ የገንዘብ ኖት ነው። የሞቡቱ ወገን የአምስት ሚሊዮን ዛየር ኖት አሳተመ። ቺሴኬዲ ኖቱ ሕጋዊ አይደለም አሉ። ወታደሮች በጥር 1993 ደመወዛቸውን በዚያው ኖት ተቀበሉ። ነጋዴው ደግሞ አልቀበልም አለ። ወታደሮቹ ኪንሻሳን ዘረፉ፤ ብዙ ሰው ሞተ፣ የፈረንሳይ አምባሳደርም ተገደሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የማያዙት ባንክ፣ የማያዙት ጦር ነበር። ሞቡቱ ቺሴኬዲን አሰናበቷቸው። በ1996 በጀመረው ጦርነት ደግሞ ራሳቸው ወደቁ።

የመን፦ ሁሉም የተወከሉበት ጉባኤ ለምን ፈረሰ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ የሚያስተምረው የየመን ታሪክ ነው። ትምህርቱ ያማል። የመን ብዙ ነገር በትክክል አድርጋ ነበርና።

ከ2011 አመጽ በኋላ ዓሊ አብደላ ሳሌህ ሥልጣን ለቀው ምክትላቸው አብድረቡ መንሱር ሃዲ ተተኩ። በመጋቢት 2013 በሰንዓ በአንድ ትልቅ ሆቴል ብሔራዊ የምክክር ጉባኤ ተከፈተ። 565 ተሳታፊዎች ነበሩት። ግማሹ ከደቡብ የመን እንዲሆን ተወሰነ። 30 በመቶ ለሴቶች፣ 20 በመቶ ለወጣቶች ተመደበ። ሴቶች ከፖለቲካው ጥግ በተገፉበት ሀገር ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ዘጠኝ ቡድኖች ሥራውን ተከፋፈሉ። በአሥር ወር ውስጥ ከ1,800 በላይ ምክረ ሐሳቦች ወጡ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የየመንን መንገድ ለሌሎች አርአያ አድርጎ ያነሳው ነበር።

ሁለት ነገሮች ግን ገና ከጅምሩ አልተያያዙም።

አንደኛው ጦሩ ነው። ሳሌህ ከፕሬዚዳንትነት ቢወርዱም ፓርቲያቸውን ይመሩ ነበር። በሠራዊቱ ውስጥም ታማኞች ነበሯቸው። እንዳይከሰሱም ከለላ ተሰጥቷቸዋል። ቤኒን ላይ ኬሬኩ ከለላ ሲያገኙ ሥልጣኑን ለቀው ነው። ሳሌህ ግን ከለላውንም የጉልበታቸውን ትልቅ ክፍልም ይዘው ቀሩ። የሁቲ እንቅስቃሴ ተወካዮች በሆቴሉ ውስጥ ተቀምጠው ሲመካከሩ፣ በሰሜን ሰዓዳ ተዋጊዎቻቸው ደማጅ በተባለ ቦታ ከሰለፊዎች ጋር ይዋጉ ነበር። ከሁቲ ተወካዮች ሁለቱ ተገደሉ። ሁለተኛው፣ አሕመድ ሸረፈዲን፣ የተገደሉት በጥር 2014 ወደ ጉባኤው ሲሄዱ ነው።

ሁለተኛው የደቡቡ ጥያቄ ነው። ደቡብ የመን እስከ 1990 ራሱን የቻለ ሀገር ነበር። በ1994 ለመለየት ተዋግቶ ተሸንፏል። የመለየት ጥያቄ ከሚያነሳው የሂራክ እንቅስቃሴ አብዛኛው ጉባኤውን አልተቀበለም። የገባው ክፍልም መጨረሻ ላይ ተሰንጥቆ ከፊሉ ወጣ። ሌሎቹ ቡድኖች ሲጨርሱ የደቡቡ ቡድን እልባት አላገኘም።

የመጨረሻው ስህተት የተፈጸመው ሁሉም "አለቀ" ባለበት ሰዓት ነው። ጉባኤው የመን ፌዴራላዊ እንድትሆን ተስማማ። ስንት ክልል ይኑራት የሚለውን ግን ፕሬዚዳንቱ ለሰየሙት አነስተኛ ኮሚቴ ተወው። ኮሚቴው በየካቲት 2014 ሀገሪቱን በስድስት ክልል ከፈላት። የሁቲዎቹ ሰዓዳ የባሕር በርና ነዳጅ ከሌለው ተራራማ ክልል ጋር ተጣመረች። ሁቲዎቹ አንቀበልም አሉ። ደቡቦቹም ሁለት ቦታ ስለተከፈሉ ተቃወሙ። 565 ሰው አሥር ወር የመከረበት ጉዳይ በጥቂት ሰዎች ካርታ ተደመደመ።

በዚያው ክረምት መንግሥት የነዳጅ ድጎማ አነሳ። የኑሮ ውድነቱ ሕዝቡን አደባባይ አወጣው። ሁቲዎች ቁጣውን ተጠቀሙበት። ጠላታቸው የነበሩት ሳሌህም አጋራቸው ሆኑ። መስከረም 2014 ሰንዓ በሁቲዎች እጅ ገባች። መጋቢት 2015 በሳዑዲ ዓረቢያ የሚመራው ጥምረት ጣልቃ ገባ። የቀረውን መከራ ዓለም አይቶታል።

በእኔ እምነት ከየመን የሚወሰደው ዋናው ነገር ይህ ነው። ሰፊ ውክልና በጣም ያስፈልጋል፤ ለጉባኤው ተቀባይነት ይሰጠዋል። ጠመንጃ የያዙትን የማስገደድ ኃይል ግን በራሱ አይሰጠውም። ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ለመጨረሻ ሰዓት ከተተወና በጓሮ ከተወሰነ ደግሞ ቀድሞ የተገኘው መግባባት አብሮ ይፈርሳል።

ቱኒዚያ፦ ጠሪው ማን ነው?

ቱኒዚያ በ2013 ገደል አፍ ላይ ነበረች። ሾክሪ በላይድና ሞሐመድ ብራህሚ የተባሉ ሁለት የተቃዋሚ ፖለቲከኞች በየካቲትና በሐምሌ ተገደሉ። የሕገ መንግሥት ጉባኤው ሥራ ቆመ። ሥልጣን የያዘው የኤንናህዳ ፓርቲና ተቃዋሚዎቹ አንዱ ሌላውን ማመን አቃታቸው።

ጥሪውን ያደረጉት አራት ማኅበራት ናቸው፤ የሠራተኞች ማኅበራት ኅብረት፣ የአሠሪዎች ማኅበር፣ የሰብዓዊ መብት ሊግና የጠበቆች ማኅበር። የሠራተኛውና የአሠሪው ማኅበራት አብረው መቆማቸው ራሱ ያልተለመደ ነበር። የሠራተኞቹ ኅብረት ሀገሪቱን በአድማ ማቆም ይችላል። አሠሪዎቹ ኢኮኖሚውን ይይዛሉ። ስለዚህ "ተቀመጡ" ሲሉ የሚሰማቸው ነበር። ሰነድም አዘጋጁ። መንግሥት መቼ እንደሚለቅ፣ ሕገ መንግሥቱ መቼ እንደሚያልቅ፣ ምርጫው መቼ እንደሚሆን የሚል የጊዜ ሰሌዳ ነው። ሰነዱን ያልፈረመ ፓርቲ ወደ ምክክሩ አልገባም። መስማማት ለመግቢያ ተጠየቀ ማለት ነው።

ሠራ። በጥር 2014 ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ። ኤንናህዳ ሥልጣን ለቀቀ፣ በዓመቱ መጨረሻ ምርጫ ተደረገ። አራቱ ማኅበራት በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አዲሱ ሕገ መንግሥት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ያዝ ነበር። ፓርቲዎቹ ዳኞቹን ለመምረጥ ሳይስማሙ ዓመታት አለፉ። ፕሬዚዳንት ካይስ ሰዒድ በሐምሌ 2021 ፓርላማውን ሲያግዱ "ይህ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም?" ብሎ የሚፈርድ ፍርድ ቤት አልነበረም። ሥራ አጥነቱም አልተቃለለም። ተስፋ የቆረጠው ሕዝብ ለዚያ ዴሞክራሲ አደባባይ አልወጣም፤ ብዙው እንዲያውም እርምጃውን በደስታ ተቀበለ። ምክክሩ ሀገሪቱን ከእርስ በርስ ግጭት አድኗታል ብል ማጋነን አይሆንም። ያስቀመጠው ሥርዓት ግን ሳይገነባ ቀረ።

ኬንያ፦ ቅደም ተከተል

ከታኅሣሥ 2007 ምርጫ በኋላ ኬንያ ውስጥ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ከ600,000 በላይ ሰው ተፈናቀለ። ኮፊ አናን፣ ግራሳ ማሼልና ቤንጃሚን ምካፓ ለሽምግልና ገቡ።

የእነሱ ዋና ብልሃት ሥራውን በአራት አጀንዳ መክፈላቸው ነው። አንደኛ፣ ግድያው ይቁም። ሁለተኛ፣ ለተፈናቀለው እርዳታ ይድረስ። ሦስተኛ፣ የሥልጣን ውዝግቡ ይፈታ። አራተኛ፣ ሥር የሰደዱት ጥያቄዎች ይነሱ፤ መሬት፣ ሕገ መንግሥት፣ የወጣት ሥራ አጥነት፣ የክልሎች መበላለጥ። የካቲት 28 ቀን 2008 የምርጫው ሁለት ተፎካካሪዎች፣ ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪና ራይላ ኦዲንጋ፣ ሥልጣን ለመጋራት ፈረሙ። የሰው ቤት እየነደደ ስለ መሬት ታሪክ ሰዎቹን ማወያየት አይቻልም ነበር። ግድያው ከቆመ በኋላ ደግሞ አራተኛው አጀንዳ አልተረሳም፤ ስምምነቱ ላይ ተጽፏልና። በ2010 አዲሱ ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ። ሥልጣንና በጀት ወደ 47 አውራጃዎች ወረደ።

ሁሉም አልተሟላም። የእውነትና የፍትሕ ኮሚሽኑ ሪፖርት በ2013 ለመንግሥት ቢቀርብም ምክረ ሐሳቦቹ ሳይፈጸሙ ቀሩ። የመሬት ቂሙም ዛሬም አለ። ቢሆንም ከዚያ በኋላ የተካሄዱት ምርጫዎች፣ ውዝግብና ደም ባይለያቸውም፣ ሀገሪቱን ወደዚያ ደረጃ አልመለሷትም። የ2017ቱን የፕሬዚዳንት ምርጫ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሽሮ እንዲደገም ማዘዙ አዲሱ ሥርዓት የተወሰነ ጥርስ እንዳለው አሳይቷል።

ጦርነት እያለ ምክክር ይቻላል?

ኢትዮጵያ ውስጥ በጣም የሚያከራክረው ይህ ነው። ሁለቱም ወገን ቁም ነገር አለው።

"አይቻልም" የሚሉት እንዲህ ይላሉ። ተኩስ ባለበት አካባቢ ሰው በነፃነት ተወካዩን አይመርጥም። የሚፈራ ሰው የልቡን አይናገርም። የታጠቀው ወገን በሌለበት የተደረሰ ስምምነት በታጠቀው ወገን አይከበርም። ሱዳንን ይጠቅሳሉ። ዑመር አልበሺር በ2014 ምክክር ጠርተው በ2016 ዘጉት። ዋና ዋናዎቹ የተቃዋሚና የታጠቁ ኃይሎች አልገቡበትም። አገዛዙ እንደነበረ ቀጠለ፤ በ2019 በሕዝብ አመጽና በጦሩ እጅ እስኪወድቅ ድረስ።

"ይቻላል፣ እንዲያውም ያስፈልጋል" የሚሉት ደግሞ ሰላም እስኪመጣ ከተጠበቀ ምክክሩ መቼም አይጀመርም ይላሉ። ደቡብ አፍሪካ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። ከ1990 እስከ 1994 ባለው የሽግግር ጊዜ በፖለቲካ ግጭት ከ14,000 በላይ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ንግግሩ የተካሄደው በዚያ ሁሉ መሀል ነው። በሰኔ 1992 ከቦይፓቶንግ ጭፍጨፋ በኋላ ከነጮቹ መንግሥት ጋር የሚደራደረው የፀረ አፓርታይድ ድርጅት፣ ኤ.ኤን.ሲ.፣ ከድርድሩ ወጣ። በመስከረም በኔልሰን ማንዴላና በኤፍ. ደብሊው. ደ ክለርክ መካከል በተደረገ የሁለትዮሽ ስምምነት ተመለሰ። በሚያዝያ 1993 የፀረ አፓርታይድ ትግሉ መሪ ክሪስ ሃኒ ሲገደሉም ንግግሩ አልፈረሰም። እንዲያውም የምርጫውን ቀን ቶሎ ለመቁረጥ ገፋፋ።

ደቡብ አፍሪካን ከሱዳን የሚለየው ግልጽ ነው። ዋናዎቹ ባለ ጉልበቶች፣ መንግሥትና ኤ.ኤን.ሲ.፣ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አንዱ ያለ ሌላው ሀገሪቱን መግዛት እንደማይችል ሁለቱም ያውቁ ነበር። ከዋናው ንግግር ጎን ለጎን በ1991 የተፈረመ የሰላም ስምምነት ነበር፤ በየአካባቢው የሰላም ኮሚቴዎች አቋቁሞ ግጭትን ከሥር ያበርድ ነበር። ስለዚህ "ጦርነት አለ ወይስ የለም?" ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ "የሚዋጉት ወገኖች ከንግግሩ ጋር የሚያገናኛቸው መስመር አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

የኢትዮጵያ ጉዳይ

ኢትዮጵያ ለዚህ አዲስ አይደለችም። በሰኔ 1983 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው የሰላምና የዴሞክራሲ ጉባኤ የሽግግር ቻርተሩን አጽድቋል። በብሔር የተደራጁ በርካታ ድርጅቶች ነበሩበት። ኢሕአፓና መኢሶን ግን አልተካተቱም። ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 1984፣ ኦነግም ከሽግግር መንግሥቱ ወጣ። ዛሬ የምንሰማቸው "ሕገ መንግሥቱ አይወክለኝም" እና "ሕገ መንግሥቱ ዋስትናዬ ነው" የሚሉ ሁለት ድምፆች ሥራቸው ከዚያ ዘመን ይጀምራል። በ2011 የተቋቋመው የእርቀ ሰላም ኮሚሽንም ብዙም ሳይታወስ አልፏል።

የአሁኑ የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ነው። አሥራ አንዱን ኮሚሽነሮች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሾማቸው በየካቲት 2014 ነው፤ ሰብሳቢያቸው ፕሮፌሰር መስፍን አርአያ ናቸው። የሦስት ዓመት ጊዜው ሲያልቅ በየካቲት 2017 በአንድ ዓመት ተራዘመ። ኮሚሽኑ ከወረዳ ጀምሮ ተሳታፊዎችን አስመርጦ በየክልሉ አጀንዳ አሰባስቧል። ገበሬው፣ አርብቶ አደሩ፣ የዕድር ተወካይ፣ ተፈናቃይ እንዲቀመጡ ማድረጉ ከ1983ቱ ይለየዋል። ይህን ማናናቅ ተገቢ አይመስለኝም። በትግራይ ግን ሥራው ከሌሎች ክልሎች ወደ ኋላ ቀርቷል። በአማራና በኦሮሚያ የሚዋጉት ታጣቂዎችም በጠቅላላው ከሂደቱ ውጭ ናቸው።

ስለ ገለልተኝነቱ ክርክር አለ። መንግሥትና ኮሚሽኑ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው ይላሉ፤ ታጣቂዎችም ሐሳባቸውን ይዘው እንዲመጡ ተደጋጋሚ ጥሪ አድርገዋል። ራሳቸውን ያገለሉ ፓርቲዎች ደግሞ አዋጁም ሆነ ሹመቱ ከእኛ ጋር ሳንመክርበት በአንድ ፓርቲ በተያዘ ምክር ቤት ተወሰነ ይላሉ። ቱኒዚያን ያየ ሰው ይህን ቅሬታ ቀላል ነው አይልም። የጠሪው ማንነት የተጠሪውን እምነት ይወስናል። በሌላ በኩል፣ እንደ ቱኒዚያው የሠራተኛ ማኅበር መንግሥትንም ተቃዋሚንም አስገድዶ የሚያስቀምጥ ነፃ ተቋም ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ኮሚሽኑ የጎደለውን እምነት በሥራው ማግኘት ይኖርበታል። ማን እንደተመረጠና አጀንዳው እንዴት እንደተጣራ ለሕዝብ በዝርዝር ማሳየት አንዱ መንገድ ነው።

ታጣቂዎቹን በተመለከተ ከአዳራሹ የተለየ መስመር ያስፈልጋል። ከኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ጋር በ2015 እና በ2016 ታንዛኒያ ላይ ሁለት ዙር ንግግር ተደርጎ ያለ ስምምነት ተበትኗል። እንዲህ ያለው ድርድር ካልቀጠለ ምክክሩ የየመንን መንገድ ሊከተል ይችላል፤ በአንድ ከተማ እየተመከረ በሌላ ወረዳ እየተዋጉ።

ከጉባኤው በኋላ የሚመጣው የቁጥር ጥያቄ

ብዙ የማይወራ ግን ወሳኝ ነገር አለ። ኮሚሽኑ ሕግ አያወጣም፣ ሕገ መንግሥትም አያሻሽልም። ምክረ ሐሳቡ ሕገ መንግሥቱን የሚነካ ከሆነ በአንቀጽ 104 እና 105 በኩል ማለፍ አለበት።

አንቀጽ 105 ሁለት በር አለው። ምዕራፍ ሦስትን፣ ማለትም የመብቶችን ክፍል፣ ለመቀየር ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ መስማማት አለባቸው። ከዚያም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያጸድቃሉ። የራስን ዕድል በራስ መወሰን የሚለው አንቀጽ 39 እና መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለው አንቀጽ 40 በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። ይህም ማለት ከአሥራ ሁለቱ ክልሎች አንዱ እምቢ ካለ አይቀየሩም። ሌሎቹን አንቀጾች፣ ለምሳሌ ሰንደቅ ዓላማን፣ የሥራ ቋንቋንና የክልል አወቃቀርን የሚመለከቱትን፣ ለማሻሻል ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከክልሎችም ሁለት ሦስተኛው ምክር ቤቶቻቸው በአብላጫ ድምፅ መቀበል ይበቃል። አሁን ባለው ቁጥር ስምንት ክልል ማለት ነው። ትግራይ በጊዜያዊ አስተዳደር እስካለች ድረስ ደግሞ "ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች" የሚለው እንዴት እንደሚሟላ ራሱ ያከራክራል።

ከዚህ ተነስቶ መገመት ይቻላል። ምክክሩ በሰንደቅ ዓላማ፣ በተጨማሪ የሥራ ቋንቋዎች፣ በአዲስ አበባ አስተዳደር ወይም በተፈናቃዮች መመለስ ላይ የጋራ ሐሳብ ቢያገኝ ውጤቱን በሕግ ወይም በማሻሻያ ማስፈጸም ከባድ ቢሆንም ይቻላል። አንቀጽ 39 እና 40 ላይ ግን የጉባኤው ብዙኃን ድምፅ ብቻውን ምንም አያደርግም። የብዙኃኑን ድምፅ ይዞ "ሕዝብ ወስኗል" ቢባል፣ የተሸነፈው ወገን በሕጉ መሠረት እምቢ የማለት መብት አለው። ያኔ ምክክሩ ራሱ የአዲስ ውዝግብ ምንጭ ይሆናል። በእነዚህ ሁለት ጉዳዮች ላይ የተሻለ የሚመስለኝ ቶሎ ወደ ድምፅ ከመሄድ ይልቅ የልዩነቱን ስፋት በግልጽ መዝግቦ፣ በሕዝበ ውሳኔም ሆነ በሌላ መንገድ የሚታይበትን የጊዜ ሰሌዳ ማስቀመጥ ነው። ኬንያዎች አራተኛውን አጀንዳ ያቆዩት እንዲሁ ነው፤ ስሙን ጽፈው፣ ቀጠሮ ሰጥተው።

ቤኒን ደግሞ ውሳኔውን የሚጠብቅ ምክር ቤት የተከለችው ጉባኤው ገና ሳይበተን ነበር። ለኢትዮጵያም ጥያቄው ይኸው ነው። ምክረ ሐሳቦቹን የሚከታተለው አካል ማን ይሆናል? በጀቱን ከማን ያገኛል? ፓርላማው ወይም አንድ ክልል አንድን ምክረ ሐሳብ ሳያየው ቢያቆየው ምክንያቱን ለሕዝብ የመግለጽ ግዴታ ይኖርበታል ወይ? ዋናው ጉባኤ ከመከፈቱ በፊት የእነዚህ መልስ በጽሑፍ መውጣት ይገባዋል፤ ተሳታፊው ምን ላይ ድምፅ እንደሚሰጥ አውቆ እንዲገባ።